«እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ምልክት፦ በአረጋውያን ላይ የሚከሰት የመዋጥ ችግርና እምብዛም ያልተለመዱ መንስኤዎቹ

በምሥራቃዊ አዲስ አበባ በሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአልባሳትና በተያያዥ ምርቶች ፋብሪካዎች ከሚሠሩት ሠራተኞች መካከል አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹም ወላጆቻቸውን በክልል ትተው ለሥራ ወደ ከተማ የመጡ ናቸው። በመሆኑም በገጠር የሚኖሩ አባት ወይም እናት ሲታመሙ «አዲስ አበባ ልጅ አለን፤ እዚያ ሄደን እንታከም» የሚለው ውሳኔ የሚያርፈው በእነዚህ ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነው።

ወላጆችን ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ከሚዳርጉና ብዙውን ጊዜ ዘግይተው ከሚታወቁ የጤና ችግሮች አንዱ የመዋጥ ችግር ነው። ችግሩ ቀስ በቀስ የሚመጣ በመሆኑ በቤተሰብ ዘንድ «እርጅና ነው»፣ «ጥርስ ስለሌላቸው ነው» ወይም «የምግብ ፍላጎት አጥተው ነው» ተብሎ ለወራት ሊታለፍ ይችላል። ወደ ጤና ተቋም ከተመጣ በኋላም የተለመዱት መንስኤዎች ታይተው ምንም ካልተገኘ ምርመራው በዚያው የሚቆምበት ጊዜ አለ።

ይህ ጽሑፍ በአረጋውያን ላይ የሚከሰት የመዋጥ ችግር እንዴት እንደሚመረመር፣ እምብዛም ያልተለመዱት መንስኤዎች በምን ምልክት እንደሚለዩና ቤተሰብ ለትክክለኛ ምርመራ ሊያደርግ የሚችለውን አስተዋጽኦ ያብራራል።

መዋጥ እንዴት ይከናወናል?

መዋጥ ቀላል ተግባር ቢመስልም ከ30 በላይ ጡንቻዎችና ነርቮች በቅንጅት የሚሳተፉበት ሂደት ነው። በመጀመሪያ ምግቡ በአፍ ውስጥ ታኝኮና በምራቅ ርሶ በምላስ ወደ ኋላ ይገፋል። ቀጥሎ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ የአየር ቧንቧ ለቅጽበት ይዘጋል፤ የምግብ ቧንቧ የላይኛው በርም ይከፈታል። በመጨረሻም 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የምግብ ቧንቧ በሞገድ መልክ እየተኮማተረ ምግቡን ወደ ጨጓራ ያወርዳል፤ የቧንቧው የታችኛው በርም ተከፍቶ ያስገባዋል።

ከዚህ በመነሳት የሕክምና ባለሙያዎች የመዋጥ ችግርን በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ምግብን ከአፍና ከጉሮሮ ለማሳለፍ መቸገር ነው። ትን ማለት፣ በምግብ ሰዓት መሳል፣ ፈሳሽ በአፍንጫ መመለስና የድምፅ መለወጥ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ሁለተኛው ምግቡ ከተዋጠ በኋላ በምግብ ቧንቧ ውስጥ የሚያጋጥም መሰናክል ሲሆን፣ ታማሚው ደረታቸውን እያመለከቱ «እዚህ ጋ ይቆምብኛል» ይላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታማሚው አንገታቸውን ቢያመለክቱም ችግሩ ከታች፣ በጨጓራ መግቢያ አካባቢ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም «ጉሮሮዬን ያዘኝ» ያሉ አረጋዊ ጉሯቸው ብቻ ታይቶ መሸኘት የለባቸውም።

እርጅና ራሱ መንስኤ ነውን?

ዕድሜ ሲጨምር የጡንቻ ጉልበት ይቀንሳል፤ ምራቅ ያንሳል፤ መዋጥም ጥቂት ይዘገያል። ይህ ተፈጥሯዊ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ ጤናማ እርጅና ብቻውን ምግብ ደረት ላይ እንዲቆም፣ ክብደት እንዲቀንስ ወይም በየዕለቱ ትን እንዲል አያደርግም። እነዚህ ምልክቶች ከታዩ መንስኤ አላቸው፤ መንስኤውም መፈለግ አለበት።

ችግሩ እንዳይታወቅ የሚያደርገው ሌላው ምክንያት አረጋውያን ሳያሳውቁ አመጋገባቸውን መለወጣቸው ነው። መጀመሪያ ሥጋና ቆሎ ይተዋሉ። ቀጥሎ እንጀራውን በወጥ በደንብ አርሰው መብላት ይጀምራሉ። በመጨረሻም በአጥሚትና በሾርባ ብቻ ይወሰናሉ። ጉርሻ ሲቀርብላቸው «ጠግቤያለሁ» ይላሉ፤ ከሰው ጋር ከመብላትም ይርቃሉ። በጾም ወቅት ከሆነ ለውጡ ጭራሽ ላይስተዋል ይችላል። ለቤተሰብ የአመጋገብ ልማድ መለወጥ የሚታይ የመጀመሪያው ምልክት ነው።

በቅድሚያ የሚታሰቡት የተለመዱ መንስኤዎች

እምብዛም ያልተለመዱት መንስኤዎች ከመፈለጋቸው በፊት የተለመዱትና አደገኛዎቹ መጣራት አለባቸው።

ከአፍና ከጉሮሮ ለሚጀምር ችግር በአረጋውያን ዘንድ ቀዳሚው መንስኤ ስትሮክ ነው። ፓርኪንሰንና የመርሳት በሽታም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላሉ።

በምግብ ቧንቧ ላይ ለሚከሰት ችግር ደግሞ በቅድሚያ መጣራት ያለበት የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። ከኢትዮጵያ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል በሽታው በብዛት ከሚታይባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ በአገራችንም በተለይ ከአርሲና ከባሌ አካባቢ የሚመጡ ታማሚዎች ቁጥር ከፍተኛ መሆኑ ይታወቃል። በጣም ትኩስ ምግብና መጠጥ ከአጋላጭ ምክንያቶች መካከል ይጠቀሳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ያለውን መጠጥ «ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የካንሰሩ መለያ ችግሩ በጠጣር ምግብ ጀምሮ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ወደ ለስላሳ ምግብና ወደ ፈሳሽ መሸጋገሩ፣ እንዲሁም ክብደት በፍጥነት መቀነሱ ነው።

ለረጅም ጊዜ የቆየ ቃርም ጠባሳ ፈጥሮ የምግብ ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል።

እምብዛም ያልተለመዱ መንስኤዎችና ጠቋሚ ምልክቶቻቸው

ከላይ የተጠቀሱት ሲጣሩ ምላሽ ካልተገኘ ምርመራው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሸጋገራል። ቀጥሎ የተዘረዘሩት መንስኤዎች እያንዳንዳቸው ሲታዩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚያጠቁ ቢሆኑም ብዙዎቹ ሕክምና ያላቸው ናቸው። እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው መለያ ታሪክ አላቸው።

አካላዥያ፦ የምግብ ቧንቧ የታችኛው በር በሚገባ የማይከፈትበት፣ የቧንቧው ሞገድም የሚጠፋበት የነርቭ ችግር ነው። በዓመት ከ100 ሺህ ሰዎች አንድ ያህሉን እንደሚያጠቃ ይገመታል። ዋናው መለያው ውሃም ሆነ ምግብ ከመጀመሪያው አንሥቶ እኩል ማስቸገሩ ነው። ያልተፈጨ ምግብ በተለይ በመኝታ ሰዓት ወደ አፍ ይመለሳል፤ ሌሊት ሳል ይኖራል። በሽታው ለሕክምናው ዓለም አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1674 እንዲህ ያለ ችግር ያለበትን ሰው በአሣ ነባሪ አጥንት ጫፍ ላይ ስፖንጅ አስሮ ምግቡን ወደ ታች በመግፋት እንደረዳ ጽፏል። ዛሬ በሩን በፊኛ መሳይ መሣሪያ በማስፋት ወይም በቀዶ ሕክምና በመክፈት ይታከማል።

አካላዥያን የሚመስል ካንሰር፦ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ የአካላዥያ ምልክቶች በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከታዩና ክብደት በፍጥነት ከቀነሰ፣ በጨጓራ መግቢያ አካባቢ የተደበቀ ዕጢ ተመሳሳይ ሁኔታ ፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ዕጢው ከግድግዳው ጀርባ በመሆኑ በኢንዶስኮፒ ላይታይ ስለሚችል ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። በአረጋውያን ላይ «አካላዥያ ነው» የሚለው ውሳኔ ይህ ሳይጣራ አይሰጥም።

የጉሮሮ ከረጢት፦ ከምግብ ቧንቧ መግቢያ በላይ የሚገኘው የጉሮሮ ግድግዳ ደካማ በሆነበት ቦታ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከረጢት ሲሠራ የሚፈጠር ነው። በጀርመናዊው ሐኪም ፍሬድሪክ ዜንከር ስም የሚጠራ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚታየው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። ከሰዓታት በፊት የተበላ ምግብ እንደተበላ ሆኖ መመለሱ፣ ጥርስ ቢጸዳም የማይለቅ የአፍ ጠረን፣ እንዲሁም በሚውጡበት ጊዜ አንገት ላይ የሚሰማ የመንቦጫረቅ ድምፅ መለያዎቹ ናቸው። እነዚህ ምልክቶች ካሉ የባሪየም ራጅ ከኢንዶስኮፒ መቅደም አለበት፤ የኢንዶስኮፒው ቱቦ ሳይታወቅ ወደ ከረጢቱ ገብቶ ሊቀደው ይችላልና። እዚህ ላይ ትክክለኛ ታሪክ ማግኘት የታማሚውን ደኅንነት በቀጥታ ይወስናል።

ማያስቴኒያ ግራቪስ፦ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ የሚያጠቃበት በሽታ ነው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይም የሚጀምር ሲሆን ከስትሮክ ጋር ይምታታል። መለያው መድከም ነው። የምግቡ መጀመሪያ በደህና ይዋጣል፤ ወደ ማዕዱ ማብቂያ ግን ማኘክና መዋጥ ያቅታል። ድምፅ በአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል፤ የዓይን ቆብ ወደ ማታ ይወድቃል፤ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። ዕረፍት ሲደረግ ይሻላል። በወደቀ የዓይን ቆብ ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል በረዶ በማድረግ ለውጡን ማየት በማንኛውም የጤና ተቋም ሊደረግ የሚችል ጠቋሚ ምርመራ ሲሆን፣ በደም ምርመራና በነርቭ ምርመራ ይረጋገጣል። ትን ባለ ምግብ ምክንያት ለሚመጣ የሳንባ ምች የሚታዘዙ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና አዚትሮማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ይህን በሽታ ሊያባብሱ ስለሚችሉ ቀድሞ መጠርጠሩ ሕይወት ያድናል።

የአንገት አጥንት መብቀል፦ በዕድሜ ምክንያት በአንገት አከርካሪ ፊት ለፊት የሚበቅል አጥንት ጉሮሮን ወይም የምግብ ቧንቧን ከኋላ ሊገፋ ይችላል። ጠጣር ምግብ ያስቸግራል፤ አንገት ወደ ኋላ ሲቀና ይብሳል፤ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ይቀላል። የአንገት የጎን ራጅ ያሳየዋል። ይሁን እንጂ የበቀለ አጥንት በብዙ ጤነኛ አረጋውያንም ላይ ስለሚገኝ ሌሎች መንስኤዎች ሳይጣሩ በእርሱ ብቻ ማሳበብ አይገባም።

ከውጭ የሚጫን ነገር፦ የአዮዲን እጥረት ለረጅም ጊዜ በቆየባቸው አካባቢዎች ያደጉ አረጋውያን፣ በተለይም ሴቶች፣ ያረጀ እንቅርት ሊኖራቸው ይችላል። እንቅርቱ ከአንገት ወደ ደረት ውስጥ ወርዶ ከሆነ ከውጭ ትንሽ መስሎ እየታየ የምግብና የአየር ቧንቧን ይጫናል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ በ2003 ዓ.ም. ቢወጣም ቀደም ሲል የተፈጠረ እንቅርት አብሮ ያረጃል። በተመሳሳይ ሁኔታ በደረት ውስጥ የሚገኙ እጢዎች በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት አብጠው፣ ወይም ትልቁ የደም ቧንቧ በዕድሜና በደም ግፊት ምክንያት ሰፍቶ የምግብ ቧንቧን ሊጫኑ ይችላሉ። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ በመሆኗ የማታ ላብ፣ ትኩሳትና የቆየ ሳል ካለ ይህ መታሰብ አለበት።

የብረት ማዕድን እጥረትና የጉሮሮ ስስ ሽፋን፦ ለረጅም ጊዜ በቆየ የደም ማነስ ምክንያት በምግብ ቧንቧው የላይኛው ክፍል ስስ መጋረጃ መሳይ ሽፋን ሊፈጠር ይችላል። ታማሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ችግሩ ለዓመታት ሳይባባስ በጠጣር ምግብ ላይ ብቻ ይታያል፤ የምላስ መላጥና የከንፈር ጠርዝ መሰንጠቅም ይኖራል። የብረት ማዕድን በመስጠትና ሽፋኑን በማስፋት ይታከማል። ሆኖም ለካንሰር የማጋለጥ ዕድል ስላለው ክትትል ይፈልጋል፤ ደም ያነሰበት ምክንያትም ለብቻው መፈለግ አለበት።

በመድኃኒት የሚመጣ ቁስለት፦ ዶክሲሳይክሊን፣ የብረት እንክብል፣ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አሌንድሮኔት እንዲሁም አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች በምግብ ቧንቧ ላይ ተጣብቀው ያቆስላሉ። መለያው በድንገት የሚጀምር፣ በሚውጡበት ጊዜ የሚያቃጥል ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን በጥቂት ውሃ ወስዶ ወዲያው መተኛት ያስከትለዋል።

የፈንገስ ቁስለት፦ የስኳር ሕመም ባለባቸው፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው በሚገኝ፣ ወይም ለአስም የሚነፋ ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ የሚከሰት ሲሆን በቀላሉ ይታከማል። ኤች አይ ቪ በአረጋውያን ላይ «አይጠረጠርም» በሚል ምርመራው መተው የለበትም።

የቀድሞ ቃጠሎ፦ በልጅነት ወይም በወጣትነት በስሕተትም ሆነ በሌላ ምክንያት በረኪና፣ አሲድ ወይም ሌላ የሚያቃጥል ኬሚካል የጠጡ ሰዎች ከአሥርት ዓመታት በኋላ የምግብ ቧንቧ መጥበብ ወይም ካንሰር ሊገጥማቸው ይችላል። ብዙዎች ይህን ታሪክ ለመናገር ስለሚያፍሩ ባለሙያው በአክብሮትና ለብቻ መጠየቅ ይኖርበታል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ያስቸገረው ጠጣር ነው ወይስ ፈሳሽ? ችግሩ ይባባሳል ወይስ ይመላለሳል? መቼ ጀመረ? የሚሉት ጥያቄዎች ብቻ የመንስኤዎቹን ዝርዝር በእጅጉ ያጠባሉ። ቀጥሎ ክብደት ይለካል፤ አፍ፣ ምላስ፣ ጥርስ፣ አንገት፣ የዓይን ቆብና የእጅና የእግር ጉልበት ይታያሉ። የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የእንቅርት ሆርሞንና የኤች አይ ቪ ምርመራዎች በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሊሠሩ ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ እንደ ታሪኩ ከሚከተሉት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ይታዘዛል።

- ኢንዶስኮፒ፦ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የምግብ ቧንቧን ውስጥ ማየትና ናሙና መውሰድ ነው። ካንሰር ለተጠረጠረባቸው ሁሉ ያስፈልጋል። ግድግዳው ጤናማ ቢመስልም ናሙና መውሰድ ዓይን የማያየውን የአለርጂ ዓይነት ብግነት ያሳያል።
- የባሪየም ራጅ፦ ታማሚው ነጭ ፈሳሽ እየጠጡ የሚነሳ ራጅ ነው። ከረጢትን፣ መጥበብንና የሞገድ መጥፋትን ያሳያል። ለአካላዥያ ከተጠጣ በኋላ በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ5ኛው ደቂቃ በማንሳት ፈሳሹ ምን ያህል እንደቆየ ይለካል።
- ሲቲ ስካን፦ ከውጭ የሚጫን እንቅርት፣ እጢ፣ የደም ቧንቧ ወይም የተደበቀ ዕጢ መኖሩን ያሳያል።
- የምግብ ቧንቧ ግፊት ልኬት፦ የቧንቧውን ሞገድና የበሩን መከፈት የሚለካ ሲሆን አካላዥያን ለማረጋገጥ የተሻለው ምርመራ ነው። በሁሉም ተቋም ስለማይገኝ የባሪየም ራጅና ኢንዶስኮፒ በጋራ ሊተኩት ይችላሉ።
- የነርቭና የጡንቻ ምርመራ፦ ማያስቴኒያ ግራቪስ ወይም ሌላ የነርቭ በሽታ ሲጠረጠር የሚታዘዝ ነው።

በዚህ ሂደት ውስጥ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነጥብ «ኢንዶስኮፒው ምንም አላሳየም» የሚለው ውጤት ነው። ይህ ውጤት የሚናገረው ግልጽ ካንሰርና ቁስል አለመታየቱን ብቻ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ አካላዥያ፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ፣ ከውጭ የሚጫን እንቅርትና የአንገት አጥንት ሁሉም ኢንዶስኮፒን በሰላም ሊያልፉ ይችላሉ። በመሆኑም ችግሩ ከቀጠለ የጨጓራ መድኃኒት ብቻ ይዞ ወደ አገር ቤት መመለስ መፍትሔ አይሆንም፤ «ቀጣዩ ምርመራ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ታሪኩ ከማን ይገኛል?

ያልተለመዱትን መንስኤዎች የሚለየው በአብዛኛው ታሪኩ ነው። ይሁን እንጂ በክልል የሚኖሩ ወላጅን ከቦሌ ለሚ አካባቢ ተነሥታ ሆስፒታል የምታደርስ ልጅ ያለፈው ዓመት ምን እንደሆነ አላየችም። ወላጅም ልጃቸውን ላለማስጨነቅ ችግሩን አቅልለው ይናገራሉ። ሐኪሙ ዘንድ የሚደርሰው ታሪክ «መብላት አቅቷቸዋል» የሚል ብቻ ይሆናል። ይህም በዋናው መንስኤ ላይ የሚያደርሰውን መንገድ ያረዝማል።

ይህን ለማስተካከል ገንዘብ አያስፈልግም። ወላጅን ከማምጣት በፊት አብሯቸው ለሚኖር ሰው፣ ለእኅት፣ ለወንድም ወይም ለጎረቤት ስልክ ደውሎ የሚከተሉትን ጠይቆ በወረቀት መያዝ ይቻላል።

- ችግሩ የጀመረበት ጊዜ፤ ከፋሲካ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ከመኸር በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ በበዓልና በወቅት ማስታወስ ይረዳል፤
- መጀመሪያ የተውት ምግብ ምን እንደነበርና አሁን የሚወስዱት ምን እንደሆነ፤
- ውሃ መጠጣት ያስቸግራቸው እንደሆነና ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስቸግራቸው እንደነበር፤
- ትን የሚላቸው፣ ፈሳሽ በአፍንጫ የሚመለስባቸው ወይም ሌሊት የሚያስላቸው መሆኑ፤
- ምግብ የሚመለስ ከሆነ ከበሉ በኋላ በስንት ሰዓት እንደሆነና ምን እንደሚመስል፤
- ድካሙ ወደ ማዕዱ ማብቂያ ወይም ወደ ማታ የሚብስ መሆኑ፤
- ልብሳቸው ወይም ቀበቷቸው ምን ያህል እንደሰፋ፤
- የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ ባህላዊውም ጭምር፤ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ማምጣት የተሻለ ነው፤
- ቀደም ሲል የነበረ ስትሮክ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ እንቅርት ወይም ኬሚካል የመጠጣት ታሪክ።

የሚቻል ከሆነ ወላጅ ሲበሉና ውሃ ሲጠጡ በፈቃዳቸው በስልክ የተቀረጸ አጭር ምስል ለሐኪሙ ማሳየትም ይጠቅማል። ቀደም ሲል የተሠሩ የራጅ፣ የኢንዶስኮፒና የናሙና ውጤቶች ተሰብስበው ይምጡ፤ ያለበለዚያ ተመሳሳይ ምርመራ በድጋሚ ይታዘዛል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆኑ ወላጆች ከጤና ጣቢያቸው የሪፈር ወረቀትና የታደሰ የአባልነት መታወቂያ ይዘው መምጣት ይጠበቅባቸዋል። የሪፈር ሥርዓቱ ካልተጠበቀ ወጪው በቤተሰብ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ጉዳዩ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ሲላክ እንደ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ባሉ ተቋማት የምግብ መፍጫ አካላት፣ የአንገት በላይ፣ የነርቭና የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች በጋራ ያዩታል።

ወላጅን ለማሳከም የሥራ ሰዓት ችግር የሚሆንባቸው ሠራተኞች ከአሠሪያቸው ጋር አስቀድመው መነጋገር ይኖርባቸዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥመው እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ ማግኘት የሚችል ሲሆን፣ ይህም በአንድ የበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ አይሰጥም። የመጀመሪያውን ቀጠሮና የኢንዶስኮፒውን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ይህን ፈቃድና የዓመት ዕረፍትን በአግባቡ ለመጠቀም ያስችላል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም፤ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

- ምራቅንም መዋጥ አለመቻል ወይም ምግብ ደረት ላይ ቆሞ አለመውረድ፤
- ከመዋጥ ችግር ጋር በድንገት የመጣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መተሳሰር ወይም የአንድ ወገን መድከም፤
- የመተንፈስ ችግር ወይም ትን ካለ በኋላ የመጣ ትኩሳት፤
- ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤
- የመዋጥ ችግሩ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ መባባስና የአንገት ጡንቻ መዛል።

ትን ያለው ሰው መተንፈስ ካቃተው በአካባቢው ያለ ሰው ወዲያውኑ የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጠትና አምቡላንስ መጥራት አለበት፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 ይገኛል።

ምርመራው እስኪጠናቀቅ ድረስ

አረጋውያን ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹና ሳይቸኩሉ እንዲበሉ ማድረግ፣ ከበሉም በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እንዳይተኙ መርዳት ያስፈልጋል። ገንፎም ሆነ ሻይና ቡና በረድ ካለ በኋላ ይቅረብ። ፍቅርን ለመግለጽ ታስቦ የሚሰጥ ትልቅ ጉርሻ ለእነዚህ ሰዎች አደገኛ ሊሆን ስለሚችል በትንሽ ማንኪያ መመገብ ይመረጣል። የቆመ ምግብን በውሃ ወይም በደረቅ ዳቦ ለመግፋት መሞከር አይገባም። መድኃኒት በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ተቀምጠው ይወሰዳል፤ ውሃ መዋጥ ለሚያስቸግራቸው ግን አወሳሰዱን ባለሙያ ይወስናል። እንክብልን ያለ ባለሙያ ምክር መፍጨትም ተገቢ አይደለም። እንጥል ማስቆረጥ ከተዘረዘሩት መንስኤዎች አንዱንም አያክምም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል፤ ምርመራውንም ያዘገያል።

አካላዥያ በሩን በመክፈት፣ የጉሮሮ ከረጢት በቀዶ ሕክምና፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ በመድኃኒት፣ የጉሮሮ ስስ ሽፋን በብረት ማዕድንና በማስፋት ይታከማሉ። የምግብ ቧንቧ ካንሰርም ቢሆን ቀድሞ ሲታወቅ የሕክምና አማራጩ ይሰፋል። በመሆኑም በቤት ውስጥ የአረጋውያን አመጋገብ ሲለወጥ ማስተዋል፣ የታየውን በጽሑፍ መያዝና በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ያለ መዘግየት መውሰድ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ይጠበቃል።